የሟቹ ተራ በየቡ መስመር

የየቡ መንገድ ለእኔ ሁልጊዜም ግማሹ እንቅልፍ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ አንዳንድ ቀን ይዛኝ ስትሄድ፣ ጅማን ሳንለቅ ዓይኔ ይከደናል፤ ስነቃ ጉም ውስጥ ነን። ከጉሙ አንድ የቡና ዛፍ ብቅ ይላል፤ ጆንያ የተጫነች አህያ ብቅ ትላለች፤ ወዲያው ተመልሰው ይጠፋሉ። የጎማው ድምፅ፣ የሴቶቹ ሹክሹክታ፣ የእናቴ ትከሻ ሙቀት፣ ሁሉም ተቀላቅለው አንድ ነገር ይሆኑብኛል። ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንን መንገድ በሐሳቤ እጀምረዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የቡ ሳልደርስ ይወስደኛል።

እናቴ የቡ አስተማሪ ነበረች። የምንኖረው ግን ጅማ፣ ከሄርማታ ገበያ ጀርባ ነው፤ አባቴ የመንግሥት ሥራው እዚያ ነበርና። ስለዚህ እናቴ ማለዳ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ ሁልጊዜም በአንድ ሰው ሚኒባስ። ሰውየው የሄርማታ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ የቡ ዝም ነው። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንለው ነበር።

የጋሼ መኪና አንድ እንግዳ ነገር ነበራት። ሾፌር ወደ ኋላ የሚያይበት የውስጡ ስፖኪዮ ወደ ጣሪያ የዞረ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደዞረ አላስታውስም፤ ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ በዚህ ምክንያት ሲቀጣው በዓይኔ አይቻለሁ። “ብሎኑ ላልቷል” ይላል፣ ይቀጣል፣ ይሄዳል። እኔም ብሎኑ ላልቷል ብዬ አምኜ አደግሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሞተ። እናቴ በቀብሩም በሠልስቱም እንባ አልወጣትም። በሳምንቱ ጥቁሯን ለብሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ጓዳ ውስጥ “ልበ ደንዳና” ሲሏት ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ልክ ናቸው ብያለሁ። ቂም ያዝኩባት። ለአባቴ ያላለቀሰች ሴት ለማን ታለቅሳለች እያልኩ ስንት ዓመት ከረምኩ። ቂሜን ግን አንድም ቀን አልነገርኳት፤ እኔም የእሷ ልጅ ነኝ።

አባቴ ከሞተ በኋላ አንድ ልማድ አመጣሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ መናኸሪያ ሄጄ እናቴን እጠብቃለሁ። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ቀጠሮ አያውቅም። ጣራው ሥር ቆሜ፣ ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ፣ የየቡዋ መኪና አሁን ትምጣ ነገ ትምጣ አላውቅም። እሷም ብትቀርብኝስ እላለሁ። መናኸሪያው ውስጥ ተራ የሚያስከብሩ፣ ሁሉም ሀጂ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። “ሀጂ፣ የየቡዋ የት ደርሳለች?” እላቸዋለሁ። ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፣ ከዚያ በሙሉ ልብ “መገንጠያው ላይ ናት፣ ያ ኢንተሎ! አሁን ትደርሳለች” ይሉኛል። ያ ኢንተሎ ማለት አንቺ ልጅ ማለት ነው። እኔም እፎይ እላለሁ። ከሰማዩ ምን እንደሚያነቡ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ምንም አያነቡም ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ በከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ስቀጠር ዘመኑ የዕቅድ ዘመን ነበር። በየግድግዳው የአምስት ዓመት ዕቅድ፣ በየበሩ የዜጎች ቻርተር፣ በየሳምንቱ የአንድ ለአምስት ስብሰባ። አገሩ ሁሉ በወረቀት ላይ ይሮጥ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። አንድ ቀን ኃላፊዬ ጠርቶኝ “የመንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነት” የሚል ወረቀት ሰጠኝና “አንብቢውና ለእኔም አስረጂኝ” አለኝ።

አነበብኩት። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የየቡ፣ የሰርቦና የአጋሮ ሚኒባሶች ላይ የት እንዳሉ የሚናገር መሣሪያ ሊገጥም ነው። መናኸሪያው ውስጥ መኪኖቹ የት እንደደረሱ የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይቆማል። በየመንገዱ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ የመኪናዋን ታርጋ በስልኩ ልኮ የት እንደደረሰች መልስ ያገኛል። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ሰማይ ያስነበብኳቸው ሽማግሌ ፊቴ ድቅን አሉ። አገር ምድሩ እኔን ሊክሰኝ የተነሣ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ መናኸሪያው አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው የጅማን ጭቃ ገና አላወቀም። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን፣ ምሰሶውንና መብራቱን ይሰጣል አለ። ድርጅቱ መሣሪያውን፣ ኮምፒውተሩንና ሰሌዳውን በራሱ ገንዘብ ያመጣል። የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ከእያንዳንዱ ምልልስ ትንሽ እየቆነጠረ ለድርጅቱ ይከፍላል፤ የውሉ ዓመታት ሲያልቁ ዕቃው ሁሉ የከተማው ይሆናል።

ሀጂ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አነሡ። ጢማቸው በዚያ ጊዜ ጥጥ መስሎ ነበር። “ሜ፣ እስቲ ቆይ፣ ልጄ። ይሄማ የእኩል እርሻ ነው። አንዱ መሬት፣ አንዱ በሬ፣ አንዱ ዘር። ወረቀት ብቻ ነው የጨመራችሁበት።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሐንዲሱም “ልክ ነው፣ ፋዘር” አለ።

“ልክ ከሆነ፣ ዝናቡስ የማን ነው?”

“የምን ዝናብ?”

“የቀረው ዝናብ ነዋ! በእኩል እርሻ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው። ዝናብ የቀረ ዓመት ማን ምን ይሸከማል? አሁን ካልተነገረ በኋላ ወንድማማች ያጣላል፣ ወላሂ።”

መሐንዲሱ ፈገግ አለ፣ ኃላፊዬ ሰዓቱን አየ። እኔ ደግሞ በቆንጆ ጽሕፈቴ “ስለ ዝናብ የተነሣው ጥያቄ ከአጀንዳው ጋር ስለማይያያዝ ታልፏል” ብዬ መዘገብኩ። ያ ቃለ ጉባኤ ዛሬም የሆነ መዝገብ ቤት ውስጥ አለ፤ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የውሉን አማርኛ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ድርጅቱ የሚከፈለው በምልልስ ስለሆነ፣ ቆማ የምትውል መኪና ላይ መሣሪያው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ፈለገ። እኔም “ለአምስት ተከታታይ ቀናት ያልተንቀሳቀሰ ተሽከርካሪ ተራው ለተጠባባቂ አባል ይተላለፋል” ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ፤ አንድም ትርፍ ቃል የለውም። ለድርጅቱ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነበረው፤ ጎርፍ፣ እሳት ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ሌላ ምክንያት ሲገጥመው ግዴታው ለጊዜው ይቆምለታል። እሱንም አሳምሬ ጻፍኩት። አንዱን አንቀጽ ከሌላው ጎን አስቀምጬ ማየት ያኔ አልታየኝም።

ሰሌዳው የቆመው ቡና ባበበበት ሰሞን ነው። ከዝናብ በኋላ ገጠሩ ሁሉ በነጭ አበባ ይሸፈንና ሽታው መኪኖቹን ተከትሎ መናኸሪያ ድረስ ይመጣል። ለእኔ በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ካርታውን የመከታተል ሥራ ተሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ሲያንቀላፋ፣ እኔና ካርታው ብቻ እንቀራለን። እያንዳንዱ መኪና አረንጓዴ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ሰርቦ ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ፣ መገንጠያው ላይ ይለያያሉ። ድምፅ የለም፣ አቧራ የለም። አንዳንዴ ዓይኔ ይከብድና ነጥቦቹ ጉም ውስጥ የሚሄዱ ይመስሉኛል፤ እናቴም ከአንዱ ነጥብ ውስጥ ጥቁሯን ለብሳ በመስኮት የምታይ ይመስለኛል።

እናቴ በዚያ ጊዜ ጡረታ ወጥታለች። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያስተማረችበትን አገር መተው አልሆነላትም፤ የቡ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ፣ ከኋላው ጥቂት የቡና እግር ተክላ ተቀመጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ትመጣለች፤ ያው በጋሼ መኪና ነው። መልእክት መላክን ያስተማርኳት ቀን ታርጋውን ጻፈች፣ ላከች፣ ስልኩም ወዲያው “የጠየቁት መኪና ከየቡ በአሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ይገኛል። እናመሰግናለን” አለ። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። “ትሕትናውስ! እናመሰግናለን ይላል እኮ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሌላ መኪና ታርጋ ልካ አታውቅም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጋሼ ሞተ። ደም ግፊት ነው አሉ፤ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒ ሰግዶ እቤቱ ውስጥ ነው የወደቀው። እናቴ ከየቡ መጥታ ሄርማታ ለቅሶ ደረሰች። እዚያም አላለቀሰችም። አጠገቧ ቆሜ ፊቷን አየሁት፤ እንደ ድሮው ደረቅ ነው። አሮጌው ቂም ተመለሰብኝ።

ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

“ያ ማሽንሽ ሙት ያስነሣል እንዴ?”

“ምን ሆነሻል፣ እማዬ?”

“እጄ ነው የላከው፣ እኔ አይደለሁም። የእሱን ታርጋ ላክሁ። በሰባት ደቂቃ ይደርሳል አለኝ።”

“እና?”

“እናማ ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ይደርሳል ካለኝ አልቀመጥ።”

ወደ ካርታው ዞርኩ። የጋሼ መኪና ነጥብ የቡ ልትገባ ነው፤ አረንጓዴ ሆና፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ወትሮዋ። “አንድ መኪና መጣ” አለች እናቴ ከዚያ ወገን። “የእሱ አይደለም። የጓደኛው ነው።” ቀጥላም “ቆሜ መቅረቴ ነው” ብላ ዘጋችው።

ካርታውን ትልቅ አድርጌ ሳየው ነጥቦቹ ሁለት ናቸው። የጋሼና የጓደኛው፣ ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ አንድ ስለሚመስሉ እስከዚያ ቀን አላስተዋልኩም። በማግስቱም የጋሼ ነጥብ ከሌላ መኪና ጋር ሄደች፣ በሦስተኛውም ቀን ከሌላ። በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ወርጄ ሀጂን ጠየቅሁ። አልካዱኝም። የሚያሳፍር ነገር እንደሠሩም አልመሰላቸውም።

“እህ፣ ድሮም የነበረ ነው” አሉ። “ሾፌር ሲሞት ተራው አይሞትም። ድሮ ሰልፉ መሃል ቆቡን እናስቀምጥ ነበር። ቆቡ ተራ ሲደርሰው ከጓደኞቹ አንዱ በእሱ ስም ይጭናል፣ የተገኘውን ለቤቱ ይወስዳል። አሁን ደግሞ ቆቡን ትታችሁ ማሽኑን አያችሁ። እኛም ማሽኑን ፈትተን ተራ የደረሰለት ሰው መኪና ውስጥ እናስቀምጠዋለን።”

“ለምን የራሱን መኪና አትነዱም?”

“የውርሱ ወረቀት ከሸሪዓ ፍርድ ቤት አልወጣም። ሚስቱ ደግሞ ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። እስክትወጣ እንይዝላታለን። ከዚያ የወንድሟ ልጅ ይነዳል፣ ኢንሻአላህ።”

በእኛ ቤት አርባና ሰማንያ ነው የሚቆጠረው፤ በእነሱ አራት ወር ከአሥር ቀን። በእኔ ውል አምስት ቀን። ዓረፍተ ነገሬ ትዝ አለችኝ።

ሴት በመሆኔ ዒዳ ላይ ያለችን ሴት መጠየቅ እችላለሁ፤ ቤቷ ሄድኩ። አዴ ነው የምላት፣ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ማለት ነው። ውስጠኛው ክፍል ተቀምጣ ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ትልቋ ገና ኮሌጅ መግባቷ ነው። የየቡዋ ተራ ከተወሰደች ሚኒባሷን በጎማ ዋጋ እንኳ የሚገዛ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን፤ መኪና ያለ ተራ ግቢ ውስጥ የቆመ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቃል አላነሣችም። ያነሣችው ሌላ ነው።

“ኮምፒውተሩ ላይ አሁንም ይሄዳል አሉኝ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው፣ አዴ።”

“ዛሬም ሄደ?”

“ዛሬ ሁለት ጊዜ የቡ ደርሶ መጣ።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች። “የቡ ሲደርስ ሻይ ይጠጣ ነበር። ቆም ይላል?”

ነጥቧ የቡ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል እንደምትቆም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። እኔም ማን እንደሞተና ማን እንዳለ ለትንሽ ጊዜ ተምታታብኝ።

የሦስት ወር ግምገማው ደረሰ። በእሱ ውጤት ነው ሥራው ወደ ሰርቦና አጋሮ መናኸሪያዎች የሚሰፋው፤ አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ምሰሶ። የልጅነት ሕልሜ ነው፤ ማንም ልጅ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሳያውቅ አይጠብቅም። መሐንዲሱ መጣ፤ ጫማው አሁን ቡኒ ሆኗል። ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራው። አዳራሹ ጨለም ብሎ ነጥቦቹ በሰዎች ጭንቅላት ላይ ይሄዱ ጀመር። ሀጂ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ተጠባባቂው አባል፣ ተራዋ ብትነጠቅ የሚወስዳት ሰውዬ፣ ከኋላቸው ነው።

“እዚህ ጋ ዳታው ችግር አለበት” አለ መሐንዲሱ። “ይቺ መኪና ሁልጊዜ ከሌላ መኪና ጋር ተደርባ ነው የምትሄደው። ኦፕሬተሯ ታውቃለች?”

ኦፕሬተሯ እኔ ነኝ። “የመሣሪያ ስህተት ነው” ማለት እችል ነበር። ሌሊቱን ያጠናሁትም እሱን ነው። ግን ስህተት ካልኩ መሣሪያው ተፈትቶ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ያለ መሣሪያ ደግሞ ተራ የለም። እውነቱን ከተናገርኩ የራሴ ዓረፍተ ነገር ተራዋን እዚያው ትነጥቃታለች፣ ሾፌሮቹም አጭበርባሪ ይባላሉ። ተነሣሁ።

“ሰውየው ሞቷል” አልኩ።

መሐንዲሱ የቀለድኩ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። ሁሉንም ነገርኩ፤ ቆቡን፣ ዒዳውን፣ የውርሱን ወረቀት። ኃላፊዬ አንገቱን ደፍቶ “ውሉ ግልጽ ነው፣ አምስት ቀን ይላል” አለ። ያኔ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው፤ ግን የጮህኩት በእሱ ላይ ነው።

“እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ለድርጅቱ ጎርፍና እሳት ሲመጣ ግዴታው ይቆምለታል ብዬም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞት ከአቅም በላይ ካልሆነ ምኑ ነው ከአቅም በላይ?”

ሀጂ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ኳ አደረጉና “ዝናቡ የማን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር” አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

ከኋላቸው የተቀመጠው ተጠባባቂ አባል ተነሣ። ተራዋን ለሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። “እኔ የሟች ተራ አልወስድም” ብሎ ተቀመጠ። እኔ ግን ስብሰባውን የለወጠው የእኔ ጩኸት ሳይሆን ያቺ አንዲት ቃል እንደሆነች አውቃለሁ።

መሐንዲሱ ስልኩን ይዞ ወጣ። በመስኮት ሲመላለስ እናየዋለን፤ እጁን ያወዛውዛል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሲመለስ ላብ በላብ ነው። “ሲስተሙ ሦስት ስታተስ ብቻ ነው ያለው” አለ። “ሥራ ላይ፣ ጥገና ላይ፣ ከመስመር የወጣ። አራተኛ መጨመር ይቻላል። ግን በእነዚያ ቀናት መሣሪያው የሚቆጥረው ምልልስ ስለሌለ ክፍያውን ማን ይሸፍናል?” እዚያው ተማከሩ። ድርጅቱ አንድ ሦስተኛውን ተወ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የመናኸሪያ መግቢያ ክፍያውን ተወ፣ የቀረውን ማኅበሩ ያዘ። ዝናቡ ተከፋፈለ። የሟቹ መሣሪያም ካለበት መኪና ተፈትቶ ወደ ገዛ መኪናው ተመለሰ፤ ተራው ሲደርስ ጓደኞቹ እንደ ድሮው በስሙ ይጭናሉ። እኔ በቃለ ጉባኤው የጻፍኩት ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ደስታም ሲበዛ ጽሕፈቴ ይበላሻል።

በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ፣ ከየቡና ከአጋሮ ሰዓቶች መሃል፣ አንድ ቀይ መስመር በራ፤ በኦሮምኛና በአማርኛ። የጋሼ ታርጋ፣ ከዚያም “በሀዘን ላይ፤ ተራው የተጠበቀ ነው።” ሰው ቆሞ ያነብ ጀመር። ሙስሊሙ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑ “ነፍስ ይማር” ብሎ ኮፍያውን ያነሣል። ቅርጫት የተሸከሙ የሰርቦ ሴቶች ሳይቀሩ ይቆማሉ። የሐሙስ ገበያ ቀን መግቢያው ተዘግቶ መኪና ማለፍ አቃተው። መሐንዲሱም ፎቶ አነሣው። ስለ ሰሌዳው ሌላ ብዙ የምለው የለኝም። ወደ ሌሎቹ ከተሞች ሳይስፋፋ ቀረ፣ ከዓመታት በኋላም አምፖሎቹ እየሞቱ ሄዱ፤ ዛሬ ምሰሶው ብቻ ነው ያለው።

ዒዳው ያለቀ ቀን የጋሼ ነጥብ ከሄርማታ ብቻዋን ወጣች። ቢሮዬ ሆኜ የቡ እስክትደርስ ተከተልኳት፤ ሩብ ሰዓት ቆመች።

በዚያው ሳምንት እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንደ ተማሪ ደብተር ስልኳን ዘረጋችልኝ። ኮስተር ብላለች።

“ይህን አስተካክይልኝ። ትሕትናውን ትቷል። ባለፈው ወር አጽናናሁት፣ እሱ ግን ተሳስተሻል ይለኛል።”

መልእክቶቹን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። መጀመሪያ የጋሼን ታርጋ ልካለች። መልሱም “የጠየቁት መኪና በሀዘን ላይ ነው። ተራው ተጠብቋል። እናመሰግናለን” ይላል። ከሥሩ እናቴ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብላ ጽፋለች።

“የላኩት ቁጥር ትክክል አይደለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

እንደገና ሞክራለች። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መልካም ሰው ነበር። ሃያ ዓመት አመላልሶኛል።”

“የላኩት ቁጥር ትክክል አይደለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

“ምናልባት አላወቃችሁኝም። የየቡ አስተማሪዋ ነኝ። ከሾፌሩ ጀርባ የምቀመጠው።”

“የላኩት ቁጥር ትክክል አይደለም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

አራተኛው ረጅም ነው። “ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት መኪናው ውስጥ ነው፤ ጠዋትም ማታም፣ ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያ አዞረልኝ። ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ መልሶት አያውቅም። ለባለቤቱ ይህን ንገሩልኝ።”

ከሥሩ ያው መልስ አለ።

“አየሽ?” አለች እናቴ። “አራት ጊዜ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?”

“ምንም አልተሳሳትሽም፣ እማዬ። ማሽኑ ነው” አልኳት። አባቴ ከሞተ በኋላ ይዛኝ የሄደችባቸው ማለዳዎች አንድ በአንድ መጡብኝ፤ ጉሙ፣ የትከሻዋ ሙቀት፣ እኔ እዚያ ትከሻ ላይ ተኝቼ፣ እሷ ከራሴ በላይ ስታለቅስ።

አሥር ሰዓት ላይ የጋሼ መኪና መጣች። የሚነዳት የሚስቱ ወንድም ልጅ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ እናቴ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ነገ ጠዋት አዴ ቤት ሄጄ መልእክቱን እንደማደርስ እያሰብኩ ቀና አልኩ። የውስጡ ስፖኪዮ ጣሪያውን ያያል።

“ብሎኑ ላልቶ ነው?” አልኩት ልጁን።

“ኧረ ጥብቅ ነው። አጎቴ እንዲህ ትቶት ነው የሄደው፣ መንካቱ ከበደኝ” አለና ሞተሩን አስነሣ።

የቡናው ዛፍ በመስኮቱ ያልፍ ጀመር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ጅማ እስክንደርስ ማንም አላየኝም።